ኳስ የማይሰጠው ተጫዋች፦ ጆ ቶማስ ከብሩክፊልድ እስከ ማዲሰን

ዓርብ ማታ ነበር። ሜሪላንድ ውስጥ ባለ አንድ ሃይስኩል ሜዳ ዳር፣ እኔና እህቴ ጋቢ ደርበን ቀዝቃዛው የብረት መቀመጫ ላይ ተቀምጠናል። የአሥራ አምስት ዓመት ልጇ ሜዳ ውስጥ የአሜሪካ ፉትቦል እየተጫወተ ነው። ቁመቱ አባቱን አልፏል፣ ትከሻው በር ይሞላል። ጨዋታው ሲጋመስ እህቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና «ኳሱን ለእሱ የሚሰጡት መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አይሰጡትም» አልኳት። «የእሱ ሥራ ኳስ የያዘውን ልጅ መጠበቅ ነው።»

ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ ጎበዝ መሆኑ በምን ይታወቃል?» አለች።

ለዚህ ጥያቄ የሚሆን አጭር መልስ አጣሁ። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ተከተለ። ልጁን በክፍያ የሚያሠለጥነው ሰው «አሎሎ ውርወራውንና ቅርጫት ኳሱን ተው፤ ዓመቱን ሙሉ ፉትቦል ብቻ ሥራ፤ ክብደት ጨምር» ብሎታል። እህቴ «አንተ ይህን ጨዋታ ስትከታተል ኖረሃል፤ ምን ትላለህ?» አለችኝ። ምክር ከመስጠቴ በፊት አንድ ሰው የሄደበትን መንገድ ላሳያት ፈለግሁ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁትም ከዚያ በኋላ ነው፤ በየከተማው እንደ እሷ ብርድ ላይ ተቀምጠው የማያውቁትን ጨዋታ የሚመለከቱ ብዙ ወላጆች እንዳሉ ስለማውቅ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየው ጆ ቶማስ ነው። ፉትቦል የሚከታተል ሁሉ በፕሮፌሽናሉ ቡድን በክሊቭላንድ ብራውንስ ማልያ ያውቀዋል፦ ከ2007 እስከ 2017 ድረስ 10,363 ተከታታይ ስናፕ (ኳሱ በተጀመረ ቁጥር አንድ ስናፕ ይባላል)፣ አንድም ሳያመልጠው ተጫውቷል። በ2023 የፉትቦሉ የክብር አዳራሽ በመጀመሪያው ዕድሉ ተቀብሎታል። እኔ የማወራው ግን ከዚያ በፊት ስላሉት ዓመታት ነው። ሃይስኩል ሳለ ምን ምን ይጫወት ነበር፣ ኮሌጅ ሲገባ የት አሰለፉት፣ ጉልበቱ የተበጠሰ ዕለት ምን እየሠራ ነበር፣ ከዚያ በኋላስ ምን ወሰነ?

መስመሩ ላይ የሚሠራው ሥራ

መጀመሪያ ሥራውን ልግለጽ፤ አለዚያ የቀረው ታሪክ ትርጉም አይሰጥም።

ኳሱን ይዞ የሚያጠቃው ቡድን አሥራ አንድ ሰው ያሰልፋል። ከእነሱ አምስቱ ፊት ለፊት ይደረደራሉ። መሃል ላይ ሴንተሩ አለ፣ በግራና በቀኙ ሁለት ጋርዶች፣ በሁለቱ ጫፍ ደግሞ ሁለት ታክሎች። ሴንተሩ በእግሮቹ መሃል ኳሱን ወደ ኋላ አቀብሎ ጨዋታውን ያስጀምራል፤ ስናፕ የሚባለው ይህ ነው። ከዚያ ወዲያ አምስቱም ኳስ ጋር ጉዳይ የላቸውም። በተለመደው አሰላለፍ ወደ ፊት የተወረወረ ኳስ እንዳይቀበሉ ሕጉ ራሱ ይከለክላቸዋል። የተሰጣቸው ሥራ ማገድ ነው፤ ለሯጩ መንገድ መክፈት ወይም ኳርተርባኩ፣ ማለትም ጨዋታውን የሚመራው ወርዋሪ፣ እስኪወረውር ድረስ ተቃራኒዎቹን ማራቅ።

ከአምስቱ ውስጥ የግራው ታክል፣ ሌፍት ታክል የሚባለው፣ ሸክም ለየት ይላል። አብዛኛው ኳርተርባክ የሚወረውረው በቀኝ እጁ ነው፤ ለመወርወር ሲዘጋጅ ሰውነቱ ወደ ቀኝ ስለሚዞር በግራ በኩል የሚመጣበትን አያይም። በዚያ በኩል የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ የተቃራኒው ቡድን እጅግ ፈጣኑ ሰው ነው። ሌፍት ታክሉ ይህን ሰው ወደ ኋላ እየሄደ ማስቆም አለበት። ስናፑ እንደተጀመረ የግራ እግሩን ወደ ኋላ ሰያፍ ይረግጣል፣ ቀኙ መሬት እየዳበሰ ይከተላል፣ ዳሌው ዝቅ እንዳለ፣ ጀርባው ሳይጎብጥ፣ ሁለት እጆቹ ደረቱ ፊት ተዘጋጅተው። ቸኩሎ እጁን ከዘረጋ ተቃራኒው ክንዱን መትቶ ያልፈዋል። ከዘገየ ደግሞ ደረቱ ላይ ገብቶ ወደ ኋላ ይነዳዋል። መቶ አርባ ኪሎ የሚመዝን ሰው ይህንን በአንድ ጨዋታ ብዙ ጊዜ ይደጋግመዋል።

ታዲያ ለዚህ ሁሉ ቁጥር አይጻፍለትም። ሯጩ የሮጠው ያርድ (ከሜትር ጥቂት የሚያንስ መለኪያ)፣ ተቀባዩ የያዘው ኳስ፣ ኳርተርባኩ የወረወረው ሁሉ ይቆጠራል። የእህቴ ልጅ ቁጥር በድምፅ ማጉያ ሲጠራ የሰማነው አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ተቃራኒውን በመያዙ «ሆልዲንግ» ተብሎ ቡድኑ አሥር ያርድ ሲቀጣ። ላይንማንን፣ እንዲህ መስመሩ ላይ የሚሰለፈውን ተጫዋች፣ የሚመዝኑት አሠልጣኞቹ ናቸው፤ ቅዳሜ የተጫወተውን እሑድ በቪዲዮ እየመላለሱ፣ ስናፕ በስናፕ።

ብሩክፊልድ

ጆ ቶማስ የተወለደው ዲሴምበር 4 ቀን 1984 ነው። ያደገባት ብሩክፊልድ ከሚልዋኪ በስተ ምዕራብ ያለች የዊስኮንሰን ከተማ ናት። የተማረውም እዚያው ብሩክፊልድ ሴንትራል ሃይስኩል ነው።

ለእህቴ መጀመሪያ ያሳየኋት ልጁ በዚያ ትምህርት ቤት የተሰለፈባቸውን ቦታዎች ነው። ራይት ታክል፣ የቀኙ ታክል፣ ነበር። ተከላካዩ ክፍል ሲገባ ዲፌንሲቭ ኤንድ ሆኖ የሌላውን ኳርተርባክ ያሳድድ ነበር። ከታክሉ ጎን ቆሞ የሚያግድና ኳስም የሚቀበል ታይት ኤንድ ሆኖ ተጫውቷል፣ ፉልባክ ሆኖ ከሯጩ ፊት ቀድሟል፣ ኳሱን በእግሩ የሚመታውም እሱ ነበር። የፉትቦሉ ወቅት ሲያልቅ ቅርጫት ኳስ ቡድኑ ውስጥ ይገባል፤ በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ አትሌቲክስ፣ አሎሎና ዲስከስ ውርወራ።

ይህ ዝርዝር ለጉራ የተደረደረ ሊመስለው የሚችል አንባቢ ይኖራል። እኔ እንደማየው ግን እያንዳንዱ በኋላ ለሚሠራው ሥራ የተከፈለ ቅድመ ክፍያ ነው። ዲፌንሲቭ ኤንድ የነበረ ልጅ ሌፍት ታክል ሲሆን ፊቱ የቆመው ሰው ምን እንደሚያስብ ያውቃል፤ የት ሲረግጥ ወደ ውስጥ እንደሚታጠፍ፣ መቼ ትከሻውን እንደሚያሳልፍ ራሱ ሠርቶታል። ቅርጫት ኳስ ላይ ተጋጣሚውን በጎን እየተንሸራተተ፣ እጁን ሳያስጠጋ፣ በእግሩ ብቻ የሚከለክል ልጅ የሌፍት ታክልን ርምጃ ሳያውቀው እየተለማመደ ነው።

አሎሎው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ያ አሠልጣኝ ይተው ያለው እሱን ስለሆነ። የሃይስኩል ወንዶች የሚወረውሩት 12 ፓውንድ፣ ወደ አምስት ኪሎ ተኩል የሚመዝን ብረት ነው። ክቡ ጠባብ ነው፣ ዲያሜትሩ ከሁለት ሜትር እምብዛም አያልፍም። ወርዋሪው በዚያች ቦታ ውስጥ ዝቅ ብሎ ይነሳል፤ ኃይሉን ከመሬት በእግሩ ይቀበልና በዳሌው አዙሮ በመጨረሻ በእጁ ጣቶች ያወጣዋል። በክንዱ ብቻ ከወረወረ አሎሎው ቅርብ ይወድቃል። ላይንማን ተቃራኒውን ደረቱ ላይ ሲመታ የሚያደርገው ይኸው ነው፤ እጁ ላይ የሚታየው ጉልበት የሚነሳው ከተረከዙ ነው። ቶማስ ይህን እስከ ዩኒቨርሲቲ ይዞት ሄዷል፤ ዊስኮንሰን ገብቶም ከፉትቦሉ ጎን ለአትሌቲክስ ቡድኑ ወርውሯል። እዚያ ደግሞ አሎሎው 16 ፓውንድ ነው።

ማዲሰን

ለላይንማን ማዲሰን፣ የዊስኮንሰን ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ፣ ማለት ለሯጭ በቆጂ እንደ ማለት ነው። አሠልጣኙ ባሪ አልቫሬዝ በ1990 የዊስኮንሰንን ቡድን ሲረከብ ቡድኑ ደካማ ነበር፤ የመጀመሪያ ዓመቱን በአንድ ድልና በአሥር ሽንፈት ጨረሰ። ከዚያ ግን የክፍለ ሀገሩን ትልልቅ ልጆች ሰብስቦ፣ ስኮላርሺፕ ሳያገኙ በራሳቸው የመጡትንም ጨምሮ፣ ከፊት ሰፊ መስመር አቁሞ ከኋላ በሚሮጥ ቡድን ሮዝ ቦል የሚባለውን ታላቅ የኮሌጅ ጨዋታ ሦስት ጊዜ አሸነፈ። ሮን ዴይን በ1999 ለኮሌጅ ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይስማን ዋንጫ የወሰደው ከዚያ መስመር ኋላ ሮጦ ነው። ብሩክፊልድ ከማዲሰን በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ቶማስ በ2003 እዚያ ገባ።

የመጀመሪያ ዓመት ላይንማን ብዙ ጊዜ አይሰለፍም። አሠልጣኞች «ሬድሸርት» የሚሉትን ያደርጉለታል፤ ዓመቱን ልምምድ እየሠራ፣ እየበላ፣ ክብደት እያነሳ ያሳልፋል፣ የመጫወቻ ዓመቱም አይቆጠርበትም። ቶማስን ግን አላስቀመጡትም። በመስመሩ ጫፍ ላይ ታይት ኤንድ አድርገው አስገቡት፤ ዋና ሥራው ኳስ መቀበል ሳይሆን ማገድ ነበር። ይህ ለእሱ የተስማማ ምርጫ ነበር ብዬ አምናለሁ። ክብደቱ ገና የታይት ኤንድ እንጂ የታክል አልነበረም። ከታክሉ ጎን ቆሞ፣ ከሃያ ሁለትና ሃያ ሦስት ዓመት ጎልማሶች ጋር እየተጋጨ ሌፍት ታክልነትን ከጎረቤት አየ።

በ2004 ቦታው ተሰጠው። ቡድኑ ያን ዓመት የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ ጨዋታዎች በሙሉ አሸንፎ ዓመቱን 9 ለ 3፣ ማለትም በዘጠኝ ድልና በሦስት ሽንፈት፣ ጨረሰ። ክብደቱም አብሮ ጨመረ፤ ኮሌጅ ሲጨርስ ከ310 ፓውንድ በላይ፣ 140 ኪሎ ገደማ ደርሶ ነበር። ይህን ለእህቴ አጥብቄ የነገርኳት ያለ ምክንያት አይደለም። ቶማስ ያን ክብደት የተሸከመው አጥንቱ ከጠና በኋላ፣ ሐኪምና የምግብ ባለሙያ ባለበት ቡድን ውስጥ ነው። አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ዛሬውኑ ይሸከመው ማለት ሌላ ነገር ነው። ቶማስ ራሱ ጨዋታውን ካቆመ በኋላ ከሃምሳ ፓውንድ በላይ ቀንሷል። ያ ሥጋ የሥራ ልብሱ ነበር፤ ሥራው ሲያልቅ አወለቀው።

በ2005 ብራያን ካልሁን የሚባል ሯጭ ከዚያ መስመር ኋላ 1,636 ያርድ ሮጠ። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ኦርላንዶ፣ ጃንዋሪ 2 ቀን 2006

አልቫሬዝ 2005 የመጨረሻ ዓመቱ እንደሚሆን ቀድሞ አሳውቆ ነበር። ተተኪው የተከላካዩን ክፍል የሚመራው ብሬት ቢየለማ እንዲሆን ተወስኗል። ስለዚህ በኦርላንዶ የተደረገው የካፒታል ዋን ቦል፣ የዓመቱ መዝጊያ ጨዋታ፣ ለአሠልጣኙ የመሰናበቻ ጨዋታ ነበር። ተጋጣሚው ኦውበርን ነው፤ ብዙ ሰው ያሸንፋል ብሎ የጠበቀውም እሱን ነበር።

የዊስኮንሰን ችግር ተከላካዩ መስመር ላይ ነበር። ከ2004 ቡድን የመስመሩ ዋና ዋና ሰዎች ሄደዋል፤ ከእነሱ አንዱ ኢራስመስ ጄምስ በ2005ቱ ድራፍት፣ ፕሮፌሽናል ቡድኖች የኮሌጅ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት፣ በመጀመሪያው ዙር ተመርጧል። በእነሱ ቦታ የገቡት ወጣቶች ደግሞ በጉዳት ሳሱ። በዚህ ምክንያት ጆ ቶማስ፣ የአጥቂው ክፍል ሌፍት ታክል፣ በዚያ ጨዋታ ዲፌንሲቭ ኤንድ ሆኖም ገባ። ሃይስኩል ሳለ የሠራው ሥራ ነበር። በቡድኑ ውስጥ ሥራውን የሚያውቅ ትልቅና ፈጣን ሰው ቢፈለግ የሚገኘው እሱ ነው።

ዲፌንሲቭ ኤንድ ሆኖ እየተጫወተ ሳለ ጉልበቱ ውስጥ ያለው የፊት መስቀለኛ ጅማት ተበጠሰ።

ይህ ጅማት በጉልበት መሃል ያልፋል፤ የታችኛው አጥንት ከላይኛው ፊት ተንሸራቶ እንዳይወጣ ይይዛል፣ እግር መሬት ተክሎ ሲዞርም ጉልበትን ያረጋጋል። ከተበጠሰ በራሱ አይጋጠምም። ሐኪሞች ከሌላ ቦታ በተወሰደ ጅማት ይተኩታል፤ ከዚያ በኋላ ተጫዋቹ እግሩን መዘርጋት፣ ማጠፍ፣ በአንድ እግር መቆም፣ መሮጥና በመጨረሻ መዞር እንደገና ይማራል። ወራት የሚፈጅ፣ ብዙው ብቻን የሚሠራ ሥራ ነው።

ዊስኮንሰን 24 ለ 10 አሸነፈ። ካልሁን 213 ያርድ ሮጠ። አልቫሬዝ በድል ተሰናበተ። የሃያ አንድ ዓመቱ ሌፍት ታክል ግን ጉልበቱ ተበጥሶ ከኦርላንዶ ወጣ።

እዚህ ላይ የሚነሳው ጥያቄ ግልጽ ነው፦ እሱን እዚያ ማሰለፍ ተገቢ ነበር? እህቴ ይህን ስነግራት ፊቷ ተለወጠ፤ «ለምን እምቢ አላለም?» አለች። እኔ ለልጁ አልፈርድበትም። ከሃይስኩል ጀምሮ ሰውነቱ የለመደው «የጎደለበት ግባ» ሲባል መግባትን ነው። ብዙ ቦታ መጫወት መቻሉ ነው ያን ያህል ጥሩ ያደረገው፤ ለዚያ ቀን አደጋም ያቀረበው ያው ነው። ሁለቱን ነጣጥሎ አንዱን ብቻ መውሰድ አይቻልም። ሆኖም ሒሳቡን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ማየት አለብን። ያኔ የኮሌጅ ተጫዋች ከስኮላርሺፕ በቀር የሚያገኘው ነገር አልነበረም፤ በስሙ ገንዘብ እንዲያገኝ የተፈቀደው በ2021 ነው። ጉልበቱ ቢበላሽ የሚጠፋው ወደፊት የሚከፈለው ገንዘብ በሙሉ የራሱ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥሪ ሲመጣ ቆም ብሎ መመዘን የትልልቆቹ ኃላፊነት ይመስለኛል። ሃያ አንድ ዓመት የሞላው ልጅ ለአሠልጣኙ የመጨረሻ ጨዋታ እምቢ እንዲል መጠበቅ ይከብዳል።

የተተወው ዓመት

ወደ ኤን ኤፍ ኤል፣ ማለትም ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ፣ ድራፍት ለመግባት ሃይስኩል ከጨረሱ ሦስት ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ቶማስ በ2006 ይህን ያሟላ ነበር፤ ቀድሞ ሊወጣ እንደሚችልም ይጠበቅ ነበር። ያን ዓመት ሌፍት ታክል ምን ያህል ይፈለግ እንደነበር ለማወቅ ዲብሪካሾ ፈርጉሰንን ማየት ይበቃል፤ ኒው ዮርክ ጄትስ አራተኛ አድርጎ መርጦታል። ቶማስ ግን በተበጠሰ ጉልበት ወደ ገበያ አልወጣም። ወደ ማዲሰን ተመለሰ።

ሬድሸርት ስላልነበረ የቀረው አንድ የመጫወቻ ዓመት ነው። ያ ዓመት ከተበላሸ ማስተካከያ የለም። ጉልበቱ ቢዘገይ፣ ርምጃው ቢከብድ፣ ስካውቶች (ለቡድኖቹ ተጫዋች የሚመለምሉት) የሚያዩት ያንን ነው። እኔ ይህን ውሳኔ ከጠቅላላ ታሪኩ ሁሉ አስበልጬ አየዋለሁ። ቢወጣ ኖሮ ወረቀት ላይ ያለ ተስፋ ይሸጥ ነበር፤ ተመልሶ ግን ዳነ ወይስ አልዳነም የሚለውን ጥያቄ በየቅዳሜው በአደባባይ ለመመለስ ተቀመጠ።

ኦርላንዶ ላይ የተጎዳው ጃንዋሪ 2 ነው። የ2006 የመጀመሪያ ጨዋታ ሴፕቴምበር 2 ነበር፤ ልክ ስምንት ወር። ጨዋታው ከቦውሊንግ ግሪን ጋር፣ የተደረገውም ማዲሰን ላይ አይደለም። በኢሪ ሐይቅ ዳር ባለው የክሊቭላንድ ብራውንስ ስታዲየም ነው። ዊስኮንሰን 35 ለ 14 አሸነፈ። በዚያ ቀን እዚያ ሜዳ ላይ ጉልበቱን እየፈተነ ያለው ልጅ ቀጣዮቹን አሥራ አንድ ዓመታት እዚሁ ሣር ላይ እንደሚያሳልፍ ማንም አያውቅም ነበር።

አሥራ ሦስቱንም ጨዋታ ጀመረ። በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ዋና አሠልጣኝ የሆነው ቢየለማ በመጀመሪያ ዓመቱ 12 ለ 1 ወጣ፤ የተሸነፉት ሚሺጋን ላይ ብቻ ነው፣ 27 ለ 13። ዊስኮንሰን በአንድ ዓመት አሥራ ሁለት ጨዋታ ሲያሸንፍ በታሪኩ የመጀመሪያው ነበር።

አሁን ወደዚያ ቁጥር ልመለስ። ካልሁን በ2005 1,636 ያርድ ሮጦ ወደ ኤን ኤፍ ኤል ሄደ። በቦታው የገባው ፒ.ጄ. ሂል ገና ፍሬሽማን፣ የመጀመሪያ የመጫወቻ ዓመቱ ላይ ያለ፣ ነው፤ አንድም የኮሌጅ ዓመት በዋና ሯጭነት አላሳለፈም። የሮጠው 1,569 ያርድ ነው። ሯጩ ተለወጠ፣ አሠልጣኙ ተለወጠ፣ ያርዱ ግን እዚያው ገደማ ቀረ። በግራ በኩል ጫፍ ላይ የቆመው 72 ቁጥር ግን አልተለወጠም። ይህ ሁሉ የአንድ ሰው ሥራ ነው ለማለት አይደለም፤ አብረውት አራት ሰዎችና ታይት ኤንዶች አሉ። እህቴ «በምን ይታወቃል?» ብላ ለጠየቀችኝ ግን ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም። የላይንማን ቁጥር በሌላ ሰው ስም ተጽፎ ይገኛል።

የሚያውቁት ደግሞ አወቁለት። በዚያ ዓመት መጨረሻ የአውትላንድ ዋንጫ ተሰጠው። ይህ ዋንጫ ከ1946 ጀምሮ በኮሌጅ ፉትቦል ለመስመሩ ምርጥ ተጫዋች የሚሰጥ ነው፤ ከዊስኮንሰን ያገኘው የመጀመሪያው ሰው ጆ ቶማስ ነው።

የመጨረሻው የኮሌጅ ጨዋታ ያው ኦርላንዶ፣ ያው ካፒታል ዋን ቦል፣ ያው ሜዳ ሆነ። ጃንዋሪ 1 ቀን 2007፣ ከአርካንሶ ጋር። በሐቅ ለመናገር የዊስኮንሰን ሩጫ ያን ቀን አልሠራም፤ የአርካንሶ ተከላካዮች ሂልን አፍነው ዋሉ። ያሸነፉት ኳርተርባኩ ጆን ስቶኮ በወረወራቸው ሁለት ተችዳውኖች (ኳሱ እስከ ተቃራኒው ጫፍ ደርሶ የሚገኝ ነጥብ) ነው፣ 17 ለ 14። ቶማስ በዓመቱ ጉልበቱ ከተበጠሰበት ሜዳ በሁለት እግሩ ወጣ።

ሐይቁ ላይ

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት ይነገራል። በየካቲት የስካውቶች ፈተና ላይ 140 ኪሎ ይዞ 40 ያርዱን ከአምስት ሰከንድ በታች ሮጠ፤ ስለ ጉልበቱ የቀረ ጥያቄ ካለ ያ መለሰው። ድራፍቱ ኤፕሪል 28 ቀን 2007 ኒው ዮርክ፣ ሬዲዮ ሲቲ ሙዚክ ሆል ውስጥ ነበር። ከላይ እንደሚመረጡ የሚታሰቡ ልጆች ሱፍ ለብሰው እዚያ ይቀመጣሉ። ቶማስ ግብዣው ደርሶት ሳለ አልሄደም፤ ያን ቀን ከአባቱ ጋር ሚሺጋን ሐይቅ ላይ ዓሣ እያጠመደ ነበር።

ኦክላንድ ጃማርከስ ራስልን አንደኛ፣ ዲትሮይት ካልቪን ጆንሰንን ሁለተኛ መረጡ። ሦስተኛው ክሊቭላንድ ነው፤ ባለፈው ዓመት 4 ለ 12 የወጣ፣ ኳርተርባክ የቸገረው ቡድን። ብሬዲ ክዊን የሚባለው ዝነኛ ኳርተርባክ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። ብራውንስ ግን የጠሩት ጀልባ ላይ ያለውን ሌፍት ታክል ነው። ውሉ ለስድስት ዓመት፣ ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ከነገርኳት በኋላ ሁላችንም ልጁን ቁጭ አድርገን አወራነው። አባቱ የፈራው ጉልበቱን ነው፤ እኔ የፈራሁት ክብደቱን። ልጁ ራሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፣ «ውርወራውን ልቀጥል?» አለ። እናቱ «ቀጥል» አለችው። ሥልጠናውን በሳምንት ወደ አንድ ቀን ዝቅ አደረጉት፤ ክብደቱን በተመለከተ ደግሞ የሚሰሙት ሐኪሙን ብቻ እንዲሆን ተስማሙ።

በጸደይ ውድድሩን ለማየት ሄድን። ሜዳው ዳር ያለው ክብ ውስጥ ገባ፣ አሎሎውን አንገቱ ሥር አስጠጋ፣ ዝቅ አለ። ሲወረውር ከአፉ የወጣውን ድምፅ አጥሩ ጋ ሆነን ሰማነው። ዳኛዋ ሜትሯን ዘርግታ ለካች፣ ቁጥሩንም ጮክ ብላ ተናገረች። እህቴ ስልኳን አወጣችና ጻፈችው።